የሚጢጢ ልዩ ፕሮግራም

ደብዳቤው ማክሰኞ ዕለት በሚጢጢ ቦርሳ ውስጥ፣ በምሳ ዕቃዋና በአንድ እግር ካልሲ መካከል ተጨፍልቆ ቤት ገባ። አባቷ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ቀኑንና ቁጥሩን አየ፤ ቀጥሎ ማኅተሙን አየ፤ ፍሬ ነገሩ ላይ የደረሰው በመጨረሻ ነው። «ልጅዎ በንባብ በኩል ተጨማሪ እገዛ ስለሚያስፈልጋት በሳምንት ሦስት ቀን የማጠናከሪያ ትምህርት ትከታተላለች። ቤት ውስጥ እንዴት ልትደግፏት እንደምትችሉ እንድንነጋገር በሚመችዎ ቀን ብቅ ይበሉ» ይላል። ከታች የማጠናከሪያ መምህርቷ ፊርማ አለበት።

እሱ ግን «እገዛ» ከምትለው ቃል ወዲያ አልተሻገረም።

ይህ ሰው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ክፍል ኃላፊ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዘጠና ሰባት በመቶ በታች የሆነ አፈጻጸም ከጠረጴዛው ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ አዲስ አዳራሽ ጣሪያ ሳይለብስ ዝናብ ገባበትና ውስጡ እንቁራሪት ሲጮኽበት፣ እሱ «ግንባታው ዘጠና ስምንት በመቶ ተጠናቋል፤ ቀሪው ከላይ በኩል ያለው ሥራ ነው» ብሎ ጽፎ ምስጋና አግኝቷል። ባልደረቦቹ በሌለበት «አቶ በመቶኛ» ይሉታል። ሰምቷል፤ ሰምቶም አልከፋውም። እንግዲህ «እገዛ ያስፈልጋታል» የሚል ወረቀት የገባው እንዲህ ያለ ሰው ቤት ነው።

«ከኔ አብራክ የወጣች ልጅ?» አለ ወረቀቱን ወደ ሚስቱ እየዘረጋ።

ሚስቱ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ቁስል ስታጥብና ስታስር ውላ መግባቷ ስለነበር ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ አነበበችው። «ደግ አደረጉ» አለች። «እኔም ልብ ካልኩት ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ጎራ ብለህ አነጋግራት፤ እኔ ይኼን ወር የቀን ተረኛ ነኝ።»

«ምን ብዬ? ልጄ ደደብ ናት ብዬ?»

«ማን ደደብ አላት? ማንበብ አስቸገራት ነው የሚለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ይኸው! በሽተኛም አደረግሻት!»

ሚጢጢ ይህን ሁሉ ከሶፋው ጀርባ ሆና ትሰማለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። ወሬ ላይ የሚስተካከላት የለም፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን ተረት ከነሳሉ ትደግመዋለች። መጽሐፍ ፊት ሲቀርብላት ግን የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ትይዝና በቀረው ላይ ዐይኗን ጨፍና ትዘላለች። «መስኮት» ያለውን «መስታወት» ትለዋለች። በቀደም «ገበሬው ወደ ገበያ ሄደ» የሚለውን «ገበያው ወደ ገበሬ ሄደ» ብላ አነበበችና ራሷ ተገርማ፣ «እንዴት አድርጎ?» ብላ ጠይቃለች።

በማግስቱ አቶ በመቶኛ ፊቱን አጥቁሮ ቢሮ ገባ። ምክትሉ ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ያየውን ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም። «አለቃዬ፣ ምን ሆነዋል? ቤት ደኅና?» አለው።

«ደኅና ነው። ልጄን ትምህርት ቤት…» አለና ቆመ። «እገዛ» የሚለው አልወጣለት አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠለጠነች ምላሱ ግን ጌታዋን ጥላው አልጠፋችም። «ልጄን ለልዩ ፕሮግራም መርጠዋት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን። ለብቻ መምህርት ተመድቦላት። ኃላፊነቱ ከብዶኝ ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ። ምሳ ሰዓት ላይ ካፍቴሪያው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለው ጀመር። «ልዩ ፕሮግራም» የነበረችው ወሬ ከሾርባው እስከ ሻዩ ባለው ጊዜ ውስጥ «ልዩ ተሰጥኦ» ሆነች፤ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ክፍል ስትደርስ ልጅቱ ከሁለት ሺህ ተማሪ ተመርጣ ነበር። አቶ በመቶኛ አላስተባበለም። አላረጋገጠምም። አንገቱን ትንሽ ጎንበስ እያደረገ፣ «ሁሉም የጥረት ውጤት ነው» ይል ነበር።

ማታ ቤት ሲገባ ግን የሚያውቀውን እውነት ይዞ ነው የገባው። እንግዲህ ወሬው እውነት ካልሆነ፣ እውነቱ ወደ ወሬው መምጣት አለበት። ለዚህ ደግሞ እሱን የሚያህል ባለሙያ የለም። ከቢሮ ያመጣውን ትልቅ ወረቀት ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፈና በወፍራም እስክሪብቶ «የሚጢጢ የንባብ ማሻሻያ ዕቅድ» ብሎ ጻፈበት። ግብ፣ ዝርዝር ተግባር፣ ፈጻሚ አካል፣ አፈጻጸም በመቶኛ። ፈጻሚ አካል የሚለው ሥር አንድ ስም ብቻ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራት በኋላ ግምገማ ሆነ።

«በዛሬው ዕለት ያጋጠመ ተግዳሮት?» ይላል ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ።

«ተግዳሮት ምንድን ነው አባዬ?»

«ችግር ማለት ነው።»

«ታዲያ ችግር ለምን አትልም?»

እናትየው ሳቋን ለመደበቅ ሳህን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ትገባለች።

ንባቡም ቢሆን ከግምገማው አይሻልም። ሚጢጢ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «መ…ስ…» ስትል፣ እሱ ከጎን «መስኮት! ቀጥይ!» ይላል። «ተ…ከ…» ስትል «ተከፈተ! ቀጥይ!» ልጅቱ ይህን ዘዴ ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀባትም። የመጀመሪያውን ፊደል ጠርታ ዝም ትላለች፤ ቀሪውን አባቷ ይጨርሰዋል። በዚህ ዓይነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሃያ አራት ገጽ ተነበበ። ሃያ አራቱንም ያነበበው አቶ በመቶኛ ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን የተመዘገበው በልጅቱ ስም ነው።

ዋናው ጉድ ግን የመልመጃ ደብተሩ ነበር። መምህርቷ በየሁለት ቀኑ አንድ ገጽ መልመጃ ትልካለች። ልጅቱ ታነባለች፤ ያቃታትን ቃል ታከብበታለች፤ ከዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገር በራሷ እጅ ትጽፋለች። ከግርጌ በቀይ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ፦ «ስሕተቷን አያጥፉባት፤ ስሕተቷን ማየት እፈልጋለሁ።»

አቶ በመቶኛ ይህን ሲያነብ ለመምህርቷ አዘነላት። ስሕተት የሚፈልግ ሰው በሕይወቱ አጋጥሞት አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ክብ ብቻ አጠፋ። በሁለተኛው ቀን ክቦቹን ሁሉ አጠፋና ጠማማዎቹን ፊደላት አቃና። በሦስተኛው ቀን ሚጢጢ እንቅልፏ ስለመጣ «ግድ የለም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአባቷ ማስረከብ ብቻ ሆነ ሥራዋ። እሱ ጽሑፉ የልጅ እንዲመስል በግራ እጁ ይጽፋል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ፣ «ድመቷ ወተት ጠጣች» ብሎ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አንዳንዴ ለተዓማኒነት ሲል አንዲት ስሕተት ሆን ብሎ ያስገባል። ከዚያ ይነሣል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ተመልሶ ያያታል፤ አላስቀምጥ ትለዋለች፤ ላጲሱን ያነሣል።

ደብተሩ ሲመለስ በቀይ ኮከብና «ጎበዝ!» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አቶ በመቶኛ ቀይ ኮከብ ካየ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ «ደብተርሽ የታለ?» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ኮከቡ ሳይኖር «ጎበዝ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ራቱን በደንብ አልበላም።

መምህርቷ ሁለት ጊዜ «እባክዎ ብቅ ይበሉና እንነጋገር» የምትል ቁራጭ ወረቀት ላከችለት። እሱ በመሄድ ፈንታ የአራት ገጽ ሪፖርት ላከላት። «የተማሪዋ የንባብ ክህሎት ዘጠና ስምንት በመቶ ደርሷል» ይላል ሪፖርቱ፤ ሠንጠረዥ አለው፤ ቀለም ያለው ሥዕላዊ መግለጫ አለው፤ በመጨረሻውም ገጽ የእጁ ልማድ ያስገባት አንዲት መስመር አለች፦ «ግልባጭ፦ ለርእሰ መምህሩ።»

በዚህ መሐል አንድ ጠዋት ዋና ሥራ አስኪያጇ አስጠሩት። ብዙ የማይናገሩ፣ ከተናገሩ ግን የተናገሩት ከመፈጸም የማይቀር ትልቅ ሴትዮ ናቸው።

«ልጅህ የገባችበት ልዩ ፕሮግራም» አሉት፣ «የኔም የልጅ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ነው። እንዴት ሳይመርጡት ቀሩ?»

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ቃል ቢወጣው ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቀበር ነበር። አቶ በመቶኛ አፉን ከፈተ፤ የሥራ አስኪያጇን ሰፊ ጠረጴዛ አየ፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ፣ «ቦታው ውስን ሆኖ ይሆናል» አለ።

«ውስን ከሆነ ይሰፋል» አሉና ስልኩን አነሡ።

የሥራ አስኪያጇ ስልክ ርእሰ መምህሩ ዘንድ በደረሰ በሳምንቱ ምክትሉ ልጁን ይዞ ተመዘገበ፤ የግዥ ኃላፊው ተከተለ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ «ሌላው ከገባ የኛ ለምን ይቀራል» ብለው መጡ። የማጠናከሪያ ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ዐሥር ትንንሽ ወንበር አለው፤ ዐሥሩም ላይ ልጅ አለ። ርእሰ መምህሩ ሰው የማስከፋት ወኔ የሌለው ሰው ነውና፣ መምህርቷን ጠርቶ፣ «ለውጥ ያመጡት ይውጡልን» አላት።

«ለውጥ ያመጡ አሉ፤ ጨርሰው የዳኑ ግን የሉም» አለች መምህርቷ።

«እንዴት የሉም? ይኸው!» ብሎ አራት ገጹን ሪፖርት ከመሳቢያው አወጣ። «ዘጠና ስምንት በመቶ! አባትየው ራሱ በጽሑፍ አረጋግጧል፤ ሥዕላዊ መግለጫ ሁሉ አለው።»

«ልጅቱን እኔ ሳስነብባት እኮ…»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

ወረቀቱ የሚለው ይታወቃል። በዚያው አርብ ሚጢጢ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷት ከማጠናከሪያው ተሸኘች። ወንበሯ ላይ የሥራ አስኪያጇ የልጅ ልጅ ተቀመጠ። አቶ በመቶኛ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ከዕቅዱ ጎን ሰቀለው፤ ለቢሮውም አንድ ካርቶን ብስኩት ገዛ።

ሚጢጢን ግን ሰኞ ጠዋት ሆዷን አመማት።

ማክሰኞም አመማት። ረቡዕ ጠዋት ጫማዋን አንዱን አድርጋ በሌላው ላይ ተቀመጠችበት። እናቷ ያን ቀን ዕረፍት ነበረች። ሆዷን ዳሰሰች፤ ሙቀቷን ለካች፤ ምላሷን አየች። ምንም የለባትም። ነርስ ስለሆነች አልተቆጣችም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «የት የት ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

«ክፍል ስገባ ነው የሚያመኝ።»

«ክፍል ውስጥ ምን አለ?»

«በተራ ያስነብቡናል። ድሮ ማጠናከሪያ ስሄድ ቲቸር 'ቀስ በይ፣ እኔ የትም አልሄድም' ትለኝ ነበር። አሁን ግን ተምረሻል ተባልኩ። ሰርተፍኬት አለኝ። ሰርተፍኬት ያለው ሰው ሲሳሳት ልጆቹ ይበልጥ ይስቃሉ።»

እናትየው ደብተሩን ከልጅቱ ቦርሳ አወጣች። ኮከብ በኮከብ ነው። አንዱን ገጽ ገልጣ፣ «እስቲ ይቺን የጻፍሻትን አንብቢልኝ» አለቻት።

ሚጢጢ ገጹን አየችው። «እሷን እኔ አልጻፍኳትም» አለች። «እኔ መጻፍ ከተውኩ ቆየሁ። ቲቸር 'ጎበዝ' ብላ የምትጽፈው ለአባዬ ነው።»

አቶ በመቶኛ ማታ ሲገባ ሚስቱ ሳሎን ቆማ ጠበቀችው። እጇን ወደ ኮቱ የደረት ኪስ ሰደደችና አንድ የተቀረጸ እርሳስና ግማሹ ያለቀ ላጲስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ከጎናቸው ደብተሩ ተከፍቷል።

«አፈጻጸሙ ጥሩ ነው» አለችው። «ሦስተኛ ክፍልን ልታልፍ ምንም አልቀረህም።»

«እኔ እኮ እሷን ላግዝ ብዬ…»

«አንተ ያገዝከው ስምህን ነው። ልጄ በሰርተፍኬት ታማ ተኝታለች። ነገ የማጠናከሪያው ወላጆች ስብሰባ አለ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ ሄጄ በር ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። ትሄዳለህ፤ በገዛ አፍህ ትናገራለህ። ሪፖርት ይዘህ እንዳትሄድ ብቻ።»

ለመከራከር ዞር ሲል ሚጢጢ በተገረበበው በር ክፍተት ታየዋለች። የተቆጣች አትመስልም። እንዲያውም ያዘነችለት ትመስላለች፤ እሱን አንጀቱን የቆረጠው ያ ነው።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል በር ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ ግማሹ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል። ምክትሉ አለ። የግዥ ኃላፊው አለ። መሐል ላይ፣ ወንበራቸው ከሥራቸው ጨርሶ የማይታይ፣ ዋና ሥራ አስኪያጇ አሉ። ምክትሉ እጁን እያወዛወዘ፣ «አለቃዬ፣ ወዲህ! የመጀመሪያዋ ልጅ አባት መጣ!» አለ።

መምህርቷ ሃምሳውን ያለፈች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጣቷ ጠመኔ ያልተለየው ሴት ናት። ሁሉንም በዐይኗ ቆጠረችና ጀመረች።

«ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ይህ ክፍል ማንበብ ላስቸገራቸው ልጆች የተከፈተ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ቤት ውስጥ እንዴት…»

«ይቅርታ» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «ማንበብ ምን ላላቸው ልጆች?»

«ላስቸገራቸው።»

ከትንንሾቹ ወንበሮች የአንዱ እግር ሲጥ አለ።

«የኔ የልጅ ልጅ በአራት ዓመቱ ጋዜጣ ያነብ ነበር» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «እዚህ የመጣው ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ነው ተብሎ ነው።»

«ማን ነው ያለዎት እመቤቴ?»

ሥራ አስኪያጇ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። የሌላውም ሰው አንገት ተከተላቸው።

አቶ በመቶኛ እዚያው በቆመበት ጉሮሮውን ጠረገ። «በመሠረቱ» አለ፣ «የፕሮግራሙን አጠቃላይ ገጽታ ስንመለከት፣ ከአተገባበር አንጻር የነበሩ አንዳንድ የግንዛቤ…» አለና ቆመ። ቃላቱ አልጠፉትም፤ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር። ትዝ ያለው በበሩ ክፍተት ያየው የሚጢጢ ፊት ነው።

«ውሸት ነው» አለ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። የኔ ልጅ ማንበብ ስላስቸገራት ነው እዚህ የገባችው። ለሰው መናገር አፈርኩና ልዩ ነው አልኩ። መልመጃዋንም እኔ ነኝ የሠራሁት። በግራ እጄ። ዘጠና ስምንት በመቶም ብዬ ጻፍኩ፤ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አንድ ቀንም ሳላቋርጥ ሰምቻት አላውቅም። አሁን ከክፍል ወጣችብኝ። ቦታዋን መልሱላት።»

ሥራ አስኪያጇ ለመውጣት ተነሡ። ወንበሩ ግን ሊለያቸው አልፈለገምና አብሯቸው ተነሣ። የግዥ ኃላፊው በስተኋላ ዞሮ፣ በታላቅ አክብሮት፣ በሁለት እጁ ይዞ አላቀቃቸው። እሳቸውም ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳያዩ ወጡ፤ እሳቸውን ተከትለው ሦስት ሰዎች ወጡ። አንደኛው በሩ ላይ ሲደርስ፣ «የኛ ልጅ እንኳ ምንም የለባት» ብሎ ማንም ሳይጠይቀው መሰከረ።

ምክትሉ አልወጣም። ጫማውን እያየ ቆይቶ፣ «ቲቸር» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «የኔዋ ግን እዚሁ ብትቆይ… እውነቱን ለመናገር እሷም 'ለ' እና 'ሰ' ይምታታባታል። ልዩ ነው ሲባል ጊዜ፣ እፎይ፣ ሳላፍር አስገባኋት ብዬ ነበር።»

«ትቆያለች» አለች መምህርቷ። ከዚያ ወደ አቶ በመቶኛ ዞራ፣ «የሚጢጢ አባት፣ ይቀመጡ እንጂ» አለችው።

ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩን ነካው።

«ግራ እጅዎ ደኅና ይጽፋል» አለችው። «ግን የስምንት ዓመት ልጅ አራት ነጥብ እንዲህ አስተካክላ አትደረድርም።»

«ታዲያ ለምን 'ጎበዝ' ይሉ ነበር?»

«ማን እንደሠራው ባላውቅም የሠራው ሰው እንደለፋ ያስታውቃል። ሁለት ጊዜ ጠራሁዎት፤ አልመጡም። ሪፖርት ነው የመጣው።»

ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ነገረችው። ነገሩ እሱ እንደፈራው የሚያስጨንቅ አልነበረም። በቀን ዐሥር ደቂቃ ታንብብለት። መጽሐፉን ራሷ ትምረጥ። ስትደናቀፍ ቃሉን አይንጠቃት፤ በልቡ እስከ ዐሥር ይቁጠርና ካቃታት ብቻ ይርዳት። ስሕተቷን ሳያጠፋ ይላክ። ግድግዳው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ያውርድ።

«ሌላስ?» አለ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ።

«ሌላ የለም። ይኼን አይጻፉት፤ ያድርጉት።»

ሰኞ ሚጢጢ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሆዷም ተሻላት። አባትየው ግን በአንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆነ ማለት አይደለም። ሥራ አስኪያጇ ለአንድ ወር ያህል ሰላምታውን በቅንድባቸው ብቻ መለሱለት፤ እሱም በዚያው ወር የመሥሪያ ቤቱን አፈጻጸም ዘጠና ሰባት ነጥብ አምስት በመቶ አድርጎ አቀረበ። ሰው አንድ ቦታ እውነት ስለተናገረ ብቻ በሁሉም ቦታ አይናገርም።

ቤት ውስጥ ያለችው ዐሥር ደቂቃ ግን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራው ሁሉ ከበደችው። ሚጢጢ «ጉ…» ብላ ስትቆም ቃሉ አፉ ውስጥ ይንከባለላል፤ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ወንበሩን ይጨብጣል። በመጀመሪያው ቀን እስከ አራት ቆጥሮ አመለጠው። «አባዬ!» ብላ ጮኸችበት። በሁለተኛው ቀን አፉን በመዳፉ ከደነ።

«እጅህን አንሳ» አለችው። «እንደዚህ ስትሆን ታስቀኛለህ።»

በመጀመሪያው ሳምንት በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አራት መስመር ነው ያነበበችው። ደብተሩ በጭቃ እግር የተረገጠ ይመስል በክብ ተሞልቶ ሄደ፤ ኮከብ ሳይኖረው ተመለሰ፤ ከግርጌው ግን «አሁን ገና ሚጢጢን አየኋት» ተብሎ ተጽፎበታል። አባትየው ያችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባትና ደብተሩን ለሚስቱ አቀበላት። እሷም አንብባ መለሰችለት፤ ያን ዕለትም ሻዩን እሷ ቀዳችለት።

ዓመቱ ሲያልቅ ሚጢጢ ከማጠናከሪያው አልወጣችም። ከምክትሉ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ አባቶችም አንዳንድ ቀን ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል። «ያንተዋ እንዴት ናት?» ሲለው ምክትሉ፣ «ቀስ እያለች ነው» ይላል አቶ በመቶኛ። ስንት በመቶ እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ እንስሳት የሚያወራ መጽሐፍ ይዛ አጠገቡ መጣች። ራሷ ናት የመረጠችው፤ ሽፋኑ ላይ አፉን የከፈተ ጉማሬ አለ። «ጉ…ማ…ሬ ቀ…ኑን» አለች፤ ቆመች፤ ተመለሰች፤ «ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል። ሣር የ…ሚግጠው… ሲጨልም… ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ለምን ሲጨልም?»

አቶ በመቶኛ ስለ ጉማሬ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። መልስ ለማዘጋጀት አፉን ከፈተ፤ እውነት አስመስሎ ማቅረብ ይችል ነበር። ግን ተወው።

«አላውቅም» አለ።

«እ?»

«አላውቅም ሚጢጢ።»

ሚጢጢ ትንሽ አየችው። ከዚያ ገጹን ገለበጠችና ጣቷን አዲሱ መስመር መጀመሪያ ላይ አስቀመጠች። «ቆይ» አለችው፣ «እዚህ ጋ ሳይነግረን አይቀርም።»